ለቅሶ የሌለው ሐይቅ

አቶቴ ነው ቢሮዬ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፤
መስኮቴ ግድግዳ እንጂ ሐይቁን አያሳይ።
ቢቸግረኝ ሠራሁት፣ ሌላ ሐይቅ በቁጥር፣
ከዳር እስከ ዳሩ በካሬ የሚታጠር።
ብቻዬን አይደለሁም፤ ኮዱን የሚጽፈው
ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። እኔ ነኝ የምለፈልፈው።

"ጥቁር ውኃ ይግባበት" ስለው፣ ያስገባል፤
"ፀሐይ ታትንነው" ስል፣ በቀን በቀን ያሰላል፤
"መውጫ ወንዝ የለውም" ስል፣ እሱንም ያውቃል።
ቆሮሶ እንድትረባ፣ አምባዛ እንዲበላት፣
በስድስት መስመር ነው ዕድሜና ሆድ የሰጣት።

"አሁን" አልኩት "አምስት መቶ ዓሣ አስጋሪ ፍጠር፤
ጀልባ ስጥ፣ መረብ ስጥ፣ በየዳሩ ደርድር።"
"በምን ይወስናሉ?" ብሎ ጠየቀኝ።
"ዓሣ ካለ ይውጡ፤ ከሌለ ይቅሩ።" ሌላ ምን አለኝ?

ሰማያዊ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ሆኑና
ወጡ፣ ገቡ፣ ወጡ፣ ወጡ እንደገና፤
ሰንበት አላገዳቸው፣ ወባ አልጣላቸው፣
ይታመም ዘንድ እንኳ ወገብ አልሰጠኋቸው፣
እስከ ሁለት መቶ አሥራ አራተኛው ቀን ድረስ።
ከዚያ ወዲያ ቆሮሶ የለም፣ ለመድኃኒት የሚቀመስ።
"ውጤቱ ይኸው" አለኝ በትሕትና፤ "ላስቀምጠው?"
ሐይቅ ገድሎ እንዲህ የሚለሰልስ አንደበት ምን አመጣው!

በማግሥቱ ላፕቶፔን አቅፌ አሞራ ገደል ወረድኩ።
አባ ኮዳዎቹ ኮት እንደለበሰ ባለጉዳይ
የዓሣ ሆድ ዕቃ እስኪጣል ቀጠሮ ይጠብቃሉ።
ጋሽ ሹራሞ ከእነሱ ራቅ ብሎ
የተቀደደ መረብ በእግር ጣቱ ወጥሮ ይሰፋል።
ስክሪኑን በባርኔጣው ጋርዶ አየ፣ አየና፦
"እኔ የትኛው ነኝ?"
አልተዘጋጀሁም። አንዱን ቢጫ ነካሁለት።
ዓይኑን ሳይነቅል ተከተለው፣ ሲወጣ ሲገባ፣ ሲወጣ ሲገባ።
"ይሄ ሰውዬ ጎረቤት የለውም?" አለ። "ማንም አይሞትበትም?"

"የበካሎ ልጅ ያረፈ ጊዜ ሦስት ቀን ጀልባ አልነካንም፤
ድንኳን ተተክሎ ሳለ መረብ የሚጥል አልታየም።
እኛ ቁጭ ብለን ስናለቅስ ነው ሐይቁ የሚተነፍሰው።
ደግሞ..." ድምፁን ቀነስ አደረገ፤
"ጠባብ መረብ በሌሊት የሚጥልም አለ።
ማን እንደሆነ እኔን አትጠይቂኝ፤ ባለቤቴን ጠይቂያት።"
ሳቅሁ። ሁለቱንም ጻፍኩ።

ማታ፦ "ለቅሶ ጨምርልኝ" አልኩት።
"ለምን?" አላለም። "ገባኝ" አለ፤ "ለቅሶ፣ አዲስ ተለዋዋጭ።
በዓመት ስንት ሰው ይሞታል? ስንት ቀን ይቀመጣሉ? ለማን ለማን?"

የትነቱን ልክ በሚሊሜትር አውቃለሁ፤
የቆሮሶን ክብደት በግራም አውቃለሁ፤
ይህን ግን መዝግቦ ያኖረ ሰው አጣሁ።
ደወልኩ። ጋሽ ሹራሞ ቁጥር አልነገረኝም፤ ስም ጠራ።
ካርዴ እስኪያልቅ ስም ጠራ፦ ሀመሶ፣ ጋቢሶ፣
ሾርባ ሻጯ ዳንሴ፣ የዳንሴ ታናሽ...
እኔ ነኝ ስሙን አራግፌ ቁጥሩን ያስቀረሁት፦
አሥራ አንድ።

አስነሣሁት።
በአርባ አንደኛው ቀን አንድ ቢጫ ነጥብ ጠፋ፤
አራት መቶ ዘጠና ዘጠኙ ዳር ላይ ቆሙ።
ሦስት ቀን ሙሉ ሰማያዊው ብቻውን።
ከሥር የቆሮሶ መስመር በጥቂቱ ቀና አለ፣
ትንፋሽ ይመስል።
ሁለት መቶ አሥራ አራት አለፈ፤ ሐይቁ አለ።
አምሳያ ነው፤ ለእውነተኛው አልምልም።

የጠፋው፣ ለጋሽ ሹራሞ ያሳየሁት ነጥብ ይሁን ሌላ
ማወቂያ የለኝም፤ ስም አላወጣሁላቸውም ነበርና።
ጣቴ ግን ሳላዝዘው ጻፈ፦ "ነፍስ ይማር።"

ጠቋሚው ጥቂት ብልጭ ድርግም አለ። ከዚያ፦
"ይህ መስመር ትእዛዝ ነው ወይስ ማስታወሻ? የት ላስገባው?"

እስካሁን አልመለስኩለትም።